የበጋ ዝናብ፣ ነፋስና በረዶ በባቲ ሜዳ፦ ትንበያው ከተሰማ በኋላ ምን ይቅደም?

ጥቅምት ሲገባ የባቲና የአካባቢዋ ማሳ መልኩን ይለውጣል። ማሾው ይለቀማል፣ ጤፉ ይነጣል፣ ማሽላውም ራሱን ይደፋል። ምርቱ ከማሳ ተነሥቶ ጎተራ እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ግን ለአርሶ አደሩ ከዘር ወቅት ያላነሰ ስጋት ያለባቸው ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስና በረዶ የወራትን ልፋት በጥቂት ሰዓታት ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ክስተቱ ከምን እንደሚመነጭ፣ ትንበያው እንዴት እንደሚነበብ፣ ትንበያው ከተሰማ በኋላም የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት ያብራራል።

የኛ በጋ፣ የሌላው ዓለም ብርድ

እንደ ሰሜን አሜሪካና መካከለኛው እስያ ባሉ ሰፋፊ ሜዳዎች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የከባድ ብርድ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት ነፋስ የቀላቀለ የበረዶ ብናኝ መንገድ ይዘጋል፣ መንጋም ይፈጃል። በኢትዮጵያ ይኸው ጊዜ በአብዛኛው በጋ ነው። የሀገራችን የአየር ትንበያ ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍላል፦ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት።

እንደ ዱቄት ብናኝ ሆኖ የሚወርደው በረዶ በሀገራችን የሚታየው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው ራስ ዳሽን ባሉ የሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ፣ ያውም አልፎ አልፎ ነው። ባቲ በ1,500 ሜትር፣ ከሚሴ ደግሞ በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የሚታወቀው በረዶ ከነጎድጓድ ደመና እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሰብል የሚያቃጥለው ውርጭም በዋናነት የደጋው ስጋት ነው። ስለዚህ የባቲ አርሶ አደር በበጋ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ሦስት ነገሮችን ነው፦ ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ፣ ቀድሞት የሚመጣ ነፋስ እና አብሮት የሚወርድ በረዶ።

ዝናቡ ከየት ይመጣል?

በበጋ ወራት በአካባቢው የሚያመዝነው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅ አየር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ቀዝቃዛ አየር በላይኛው የሰማይ ክፍል ከሰሜን ወደ ደቡብ ዝቅ ይልና ከዓረብ ባሕርና ከቀይ ባሕር በኩል ከሚገባው እርጥበት ጋር ይገናኛል። እርጥበቱ የአፋርን ቆላ አልፎ የወሎን ተራራማ ዳርቻ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመናም ይሆናል። ባቲ የምትገኘው ቆላውና ደጋው በሚገናኙበት በዚሁ ዳርቻ ላይ ነው።

በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነሣው አየር ብርቱ ከሆነ የውኃ ጠብታዎችን ተሸክሞ ወደ በረዶነት በሚለወጡበት ከፍታ ያደርሳቸዋል። እዚያም በረዶው እየተደራረበ ያድጋል፤ አየሩ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል። ከዝናቡ ጋር ከደመናው ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲደርስ ወደ ጎን ይሰራጫል። ዝናቡ ሳይደርስ አቧራ እያነሣ የሚመጣው ነፋስ ይህ ነው።

ከባሕር የሚመጣው እርጥበት መጠን ከዓመት ዓመት ይለያያል። የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ገጽ ከምሥራቁ ይልቅ በሚሞቅባቸው ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለው ዝናብ ይበረታል። በ2012 ዓ.ም. እና በ2016 ዓ.ም. በጋ መግቢያ ላይ የታየው ይኸው ነበር።

ትንበያውን ማንበብ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀን እና የዕለት ትንበያዎችን ያወጣል። የወቅት ትንበያው “ከመደበኛ በላይ”፣ “መደበኛ” ወይም “ከመደበኛ በታች” እያለ አጠቃላይ አዝማሚያን ይናገራል እንጂ ዝናቡ የሚጥልበትን ቀን አይነግርም። ሠራተኛ ለማሰባሰብ፣ ከረጢትና ሸራ ለማዘጋጀት ያገለግላል። የአጨዳው ቀን የሚወሰነው ግን በአሥር ቀንና በዕለት ትንበያ ነው።

ትንበያው “በጥቂት ቦታዎች” ወይም “በአንዳንድ ቦታዎች” ሲል ዝናቡ በሁሉም ቀበሌ ይጥላል ማለት አይደለም። የነጎድጓድ ደመና አንዱን ማሳ መትቶ ጎረቤቱን ሊዘል ይችላል። ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ዝናቡ ባለመጣሉ ትንበያው ውሸት ነበር ብሎ ቀጣዩን መናቅ ጉዳቱ የከፋ ነው። ምርቱን አስቀድሞ የሰበሰበ አርሶ አደር ዝናቡ ቢቀር የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

የትኛው ሥራ ይቅደም?

ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ብዙ ጊዜ በእጅ ያለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ሥራ ማዳረስ ስለማይቻል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

በመጀመሪያ የተወቃው እህል ከአውድማ ይነሣ። በአውድማ ላይ ያለ እህል ለጎርፍም ለእርጥበትም የተጋለጠ፣ የቀረው ሥራ ግን አነስተኛ የሆነ ምርት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ታጭዶ በማሳ ላይ የተበተነው ይታሰርና ይከመር። ክምሩ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይሠራ። የነዶው ፍሬ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ ይዙር። የክምሩ አናት ውኃ እንዲያንሸራትት ሾጠጥ ብሎ በሣር ይሸፈን፤ ነፋስ እንዳይገልጠውም በገመድና በድንጋይ ይያዝ፤ ዙሪያውም ቦይ ይቆፈርለት።

በሦስተኛ ደረጃ ደርሶ የቆመው ይታጨድ። ከዚህም ውስጥ ጤፍና ማሾ ይቅደሙ። የደረሰ ጤፍ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ይጋሸባል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ አንዴ መሬት ላይ ከረገፈ ከአፈር ለይቶ ማንሣት አይቻልም። የደረሰ ማሾም ርሶ መልሶ ሲደርቅ ሽፋኑ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ማሽላ የመጀመሪያውን ዝናብ ከእነዚህ በተሻለ ይቋቋማል፤ ቢሆንም ረጅሙ አገዳ በነፋስ ሊሰበር፣ ፍሬውም ለቀናት ከራሰ በቆመበት ሊበቅል ይችላል።

ያልደረሰ ሰብል ግን በፍርሃት መታጨድ የለበትም። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ሰብል ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል፤ በማሳ ላይ ሊተርፍ ይችል የነበረው በክምር ውስጥ ይጠፋል። የደረሰውን ካልደረሰው ለመለየት የሚያጠራጥር ነገር ካለ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ለመጨረስ ይቸገራል። ደቦና ጅጌ ዋጋቸው የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ተራው በቀደምትነት ልማድ ብቻ ሳይሆን የማን ሰብል ይበልጥ ደርሷል በሚለው ቢያዝ፣ ጉልበት የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ማሳም አስቀድሞ ቢታሰብ የቀበሌው ጠቅላላ ኪሳራ ይቀንሳል።

ከዝናቡ በኋላ

ዝናቡ እንዳባራ የራሰው ክምር ተከፍቶ በፀሐይ ይሰጣ፤ እየተገላበጠም ይድረቅ። እርጥብ ሰብልን በላስቲክ ሸፍኖ መተው እርጥበቱን ያፍነዋል። ማሽላ ወደ ጎተራ ወይም ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ እህል እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

የሻገተው ከደህናው ሊለይ ይገባል። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በተለመደው የማብሰል ሙቀትም አይጠፋም። የሻገተን እህል ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ በወተት በኩል ወደ ሰው ይመለሳል።

ሰውና እንስሳት

በደጋው የጣለ ዝናብ በቆላው ያለውን ደረቅ ወንዝ በድንገት ሊሞላው ይችላል። በተለይ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ግመልና ፍየል እየነዳ የሚመጣ ሰው፣ በቆመበት ቦታ ጠብታ ባይወርድም ወደ ተራራው ሳያይ ወንዝ ውስጥ መግባት የለበትም። ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ጉልበት ድረስ እንኳ ቢሆን አዋቂን ሰው ይጥላል። ነጎድጓድ ሲሰማ እረኞች ከብቸኛ ዛፍ ሥርና ከኮረብታ ጫፍ ይራቁ።

ይኸው ዝናብ ለአርብቶ አደሩ ሌላ ትርጉም አለው። በበጋ ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ለሚወርዱት መንጋዎች ግጦሽ ያበቅላል፣ የደረቀ ኩሬም ይሞላል። በባቲ ማሳና መንጋ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ምርቱን አስቀድሞ ጎተራ ያስገባ ቤተሰብ ዝናቡ ሲመጣ ለከብቶቹ ሊደሰትበት ይችላል። ምርቱ በማሳ ላይ የቀረበት ግን በአንዱ እጁ ያገኘውን በሌላው ያጣል።