በጥንታዊው የላቲን ሥርዓት የካቶሊክ ጋብቻ የእንግዶች ሥነ ሥርዓት

በጥንታዊው የላቲን ሥርዓት የሚፈጸም የካቶሊክ ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመውን የሮማ የቅዳሴ መጽሐፍ የሚከተል ሲሆን፣ ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው ከቅዳሴው አስቀድሞ ነው። ሙሽሮቹ ቀኝ እጃቸውን አጣምረው ፈቃዳቸውን የሚገልጹበት፣ ቀለበቱም የሚባረክበት ይህ ክፍል አጭር ስለሆነ፣ የዘገየ እንግዳ ዋናውን ነገር ያጣዋል። በላቲን ትውፊት ምሥጢረ ጋብቻን እርስ በርስ የሚሰጣጡት ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ስም ይመሰክራል፣ ይባርካልም፤ ይህም ካህኑ በሙሽሮቹ ራስ ላይ ተክሊል ደፍቶ ከሚባርክበት ከኢትዮጵያ ካቶሊኮች የግዕዝ ሥርዓት ይለየዋል።

የእንግዶች አለባበስ ትከሻና ጉልበትን የሚሸፍን ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ሴቶች በስስ መሸፈኛ ራሳቸውን ይከናነባሉ። ካህኑ እንደ ሕዝቡ ወደ መሠዊያው ዞሮ አብዛኛውን ጸሎት በላቲን፣ ከፊሉንም በለሆሳስ ስለሚያደርስ፣ ለሥርዓቱ አዲስ የሆነ ሰው ከፊቱ ያሉትን እያየ ቢነሣና ቢቀመጥ ይበቃዋል። ደወሉ ሲደወል ግን ኅብስቱና ጽዋው ከፍ የሚሉበት ሰዓት ነውና ሁሉም ይንበረከካል፤ ጉልበቱ የማይፈቅድለት ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ካሜራም በዚያች ቅጽበት ዝቅ ማለት ይገባዋል። ከአቡነ ዘበሰማያት በኋላ ካህኑ ወደ ሙሽሮቹ ዞሮ የጋብቻውን ልዩ ቡራኬ ይሰጣል። ቅዱስ ቁርባንን ተንበርክከው በምላሳቸው የሚቀበሉት ቢያንስ ለ1 ሰዓት የጾሙና የተዘጋጁ ካቶሊኮች ሲሆኑ፣ ሌላው እንግዳ በመቀመጫው መቆየቱ ነውር ሆኖ አይቆጠርበትም።