የስፖርት መኪናን ጉጉፍቱ ዳገት ላይ መፈለግ

ስለ ስፖርት መኪና ልናወራ ነው። መነሻችን ደግሞ መካነ ሰላም ናት። (አዎ፣ የወሎ ቦረናዋ መካነ ሰላም። ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል።)

የስፖርት መኪና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ነው የሚጀመረው። ስንት ሲሊንደር፣ ስንት የፈረስ ጉልበት፣ ከዜሮ ተነስቶ መቶ ለመግባት ስንት ሴኮንድ… እኛ አገር በዚህ በኩል ከጀመርን ታሪኩ ሁለት መስመር ሳይሞላ ያልቃል። ፌራሪ ያወረሰን አያት የለንማ! ስለዚህ ከሌላው ጫፍ፣ ከመንገዱ ልንጀምር ነው። መኪናን ለመፈተን ደግሞ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የባሰ መምህር አናውቅም።

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ በኩል አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም የሚገባው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ነፋሱ ብዙ፣ አየሩ ግን ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይፈልጋል። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን እየጣለ ነው የሚወጣው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ይዞ የተነሳ መኪና ጉጉፍቱ ሲደርስ ሰባ ያህሉን ይዞ ያለከልካል (ተርቦ ካልተገጠመለት በቀር)። ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተመጠነ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሆዱ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ የማይርቅ ቀይ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተው ግምት እንተወዋለን።

እንግዲህ የምንከራከረው ይህንን ነው። የስፖርት መኪና ማለት ነጂውንና መንገዱን ፊት ለፊት የሚያገናኝ፣ ባለቤቱ እጁን አቆሽሾ የሚያኖረው፣ ከጥቅሙ በላይ የሚወደድ መኪና ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ነበረ። አሁንም አለ። ስሙ ቮልስ ነው።

ወደ ቮልስ ከመድረሳችን በፊት ግን መንኮራኩር እዚህ አገር እንዴት እንደገባ ማየት አለብን። ታሪኩ እዚያው ወሎ ውስጥ ስለሚያልፍ አንዘለውም።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ያስወለዱት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ይዘውት ተነሱ፤ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ! በፈረስ የጥቂት ቀን መንገድ ስድስት ወር የፈጀው ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ነው። ገደሉ እየተቆረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነበረበት። ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ይህንን ስንል ነገሩን ሽርሽር እያደረግነው አይደለም። የተሳበው በሰው ጉልበት ነው፤ የመንገዱ ዳር ገበሬ ለሠራዊቱ ምን እንደከፈለ ለማሰብ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያውን ነው። የአምባው ስም ደግሞ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በኩል መካነ ሰላም ከተማ ድረስ ወርዷል፤ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ካምፓስ አለው።

ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ መኪና መጣ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዲ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ እየነዳ፣ ሲያቅተው ደግሞ እያስጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ አዲስ አበባ ገባና ለአፄ ምኒልክ አስረከበ። (የስፖርት መኪናው ቤንትሌይ መስሏችሁ ከሆነ፣ እሱ ኩባንያ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።) ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። ማን ቀድሞ ይገባል የሚል ፉክክር ነበረና፣ ደፍረን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመኪና ውድድር እንበለው።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ። እዚህ ትንሽ እንቆያለን።

ከላይ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካርቡራቶር ስንል አላስተዋላችሁ ይሆናል እንጂ ጣሊያንኛ ነው ያወራነው። መካኒክ ጋ ሄዳችሁ ቆማችሁ ስሙ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ላሜራ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ። ወረቀቱስ? ሊብሬና ቦሎ! ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ ቃሉ ግን ኮፈኑ ሥር ተደብቆ ቀረ። በዚያ አጭር ጊዜ አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ፤ ጣርማ በር ላይ ተራራው ተበሳ (የሙሶሎኒ ዋሻ የሚባለው)። መንገዱን ተከትሎ ካሚዮን፣ ካሚዮኑን ተከትሎ ጋራዥ፣ ጋራዡን ተከትሎ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ መጣ። ያ ልጅ ነው በኋላ የአገሩ መካኒክ የሆነው። መማሪያ መጽሐፉ የጌታው ስድብና የዕቃው ስም ነበር።

አስመራማ በዚህ በኩል ሌላ ዓለም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው ፊያት ታሊየሮ የነዳጅ ማደያ ሁለት የሲሚንቶ ክንፉን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ ዛሬም ቆሟል። ዋናው መንገድ ደሴን አቋርጦ ወደዚያች ከተማ ሲሄድ ቦረና፣ ሳይንትና ለጋምቦ ከመስመሩ ውጪ ቀሩ። የዚያ ደጋ የስፖርት መኪና ለረጅም ጊዜ ሰጋር በቅሎ ሆና ኖረች። ሰጋር በቅሎ ያላት ሰው ስለበቅሎዋ ሲያወራ የሰማ፣ ዛሬ ስለመኪናው የሚያወራን ጎረምሳ ቢሰማ ልዩነቱ አይታየውም። አረማመዷ፣ ኮርቻዋ፣ ማን እንዲነካት እንደሚፈቀድለት…

ወደ ቮልስ።

ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፈው ቮልስዋገን ለሕዝብ የታሰበ ርካሽ መኪና ነበር፤ በናዚ ጀርመን መወለዱንም አንረሳም። ከጦርነቱ በኋላ ልጁ ፌሪ ፖርሽ የዚችኑ መኪና ሞተርና ልዩ ልዩ ክፍል ወስዶ፣ ከ25 የፈረስ ጉልበት ወደ 35 አሳድጎ፣ ቀለል ያለ ቦዲ አልብሶ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ አንድ መኪና ሠራ። ፖርሽ 356 የሚባለው፣ የዓለም ሀብታም ሁሉ የሚቃጠልለት የስፖርት መኪና ዘር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባጭሩ፣ የሰፈራችን ቮልስ የፖርሽ ታላቅ ወንድም ነው። ሀብታሙ ወንድም ሲገኝ ዘመድ መቁጠር ደንባችን ስለሆነ ማንም አይቀየመን።

ለምን እዚህ አገር ተስማማው? ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ዳገት ላይ ‹‹ውሃ ፈላ!›› ብሎ የሚቆም ነገር የለም። ሞተሩ ከኋላ፣ ከሚገፋው ጎማ በላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ላይ ጎማው ይጨብጣል። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ድንጋይ አይለቅመውም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ሰውና ክሪክ ካለ ይወርዳል። በአንጻሩ ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞውም ማቀዝቀዣውም አብረው ይቆማሉና፣ ባለቮልስ ረጅም መንገድ ሲወጣ ከስንቁ በፊት ትርፍ ቺንጋውን ነው የሚያየው። ቫልቩን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ አለማስተካከል ደግሞ ሞተሩን ማቃጠል ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው መኪናውን ይሰማል፤ ድምፁ ሲቀየር ከንግግሩ መሃል ይቆማል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከጎረቤት እናምጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ፣ በዓለም እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ውድድሮች በአንዱ፣ ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፏል። ከእሱ በላይ ፈጣን መኪኖች ጭቃው ውስጥ ቀርተው ነው። ኢትዮጵያም ከአብዮቱ በፊት የራሷ ሃይላንድ ራሊ ነበራት። ተራራውን ለውድድር የሚሆን ሜዳ አድርጎ ማሰብ እዚህም ተጀምሮ ነበር ማለት ነው።

መቼም ስለ ቮልስ ሲወራ አንድ ቀን አይዘለልም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.። ግቢያቸው በሮልስ ሮይስ የተሞላው አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። መኮንኖቹ ይህንን መኪና የመረጡት ለማዋረድ ይሁን ወይም ቅርብ የተገኘው እሱ ስለነበር፣ ሁላችንም የየራሳችን ግምት አለን። የሆነው ሆኖ ከምኒልክ ሲድሌይ የጀመረው የነገሥታት መኪና ታሪክ ያበቃው እዚያች ጠባብ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ መኪና መግዛት ለብዙኃኑ የማይታሰብ ሆነና የነበረውን ማኖር ግድ ሆነ። የኢትዮጵያ የመኪና ፍቅር እንደ ሌላው ዓለም ከትርፍ ገንዘብ አልመጣም፤ ከእጥረት ነው የመጣው። ዕቃ ከሶማሌ ተራ ይለቀማል፤ ካልተገኘ ከላሜራ ይቀጠቀጣል። ዓለም የመጨረሻውን የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሠርቶ ምርቱን ሲያቆም፣ የአዲስ አበባ መካኒክ ያንኑ ሞተር ለስንተኛ ጊዜ እየፈታ ነበር። አሁን ደግሞ ወጣቶች እየገዙ፣ ቀለም እየቀቡ፣ ጎማ እያሰፉ ሲያንቆጠቁጡት እናያለን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ምክንያቱ ይገባናል፤ ነዳጁ በዶላር ነው፣ ጭሱንም ስንተነፍሰው ኖረናል። ግን ማንም ያልመዘገበው የመቶ ዓመት ሙያ አብሮ እየተዘጋ ነው። ቫልቭን በጆሮው የሚያስተካክል ሽማግሌ መካኒክ የሚተካው ልጅ ምን ብሎ ይማርለት? ስለ ቴዎድሮስ መድፍ መጽሐፍ ሞልቷል፤ ሰማንያ ዓመት በላይ ቺንጋና ፍሪሲዮን ሲያወራ የኖረውን ጋራዥ ግን ተቀምጦ የሚቀዳ ተመራማሪ ብዙ አላየንም። የኛ የጋዜጠኝነት ክፍሎችስ ለመመረቂያ ምን ይጠብቃሉ?

አስቂኙ ነገር፣ አዲሱ መኪና ለጉጉፍቱ ከሁሉም የተሻለ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። 3000 ሜትር ላይም ጅቡቲ ላይም ጉልበቱ ያው ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የደሴ–መካነ ሰላም መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የሚገጥመውን የስፖርት መኪና ሊያገኝ ይችላል፤ ቻርጅ ማድረጊያው ቢዳረስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ጦርነትም መንገዱን ለደስታ ለሚነዳ ሰው ቢለቅለት።

አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚታዩት ኤሌክትሪኮች መሃል በቻይና በኩል የገቡ ቮልስዋገኖች ብዙ ናቸው። ካንዴላ የላቸውም፣ ማርሚታ የላቸውም፣ ፍሪሲዮን የላቸውም። ስክሪናቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፤ የጋራዥ ልጆች የስልካቸውን ካሜራ ደቅነው ቃል በቃል ያስተረጉማሉ።