በዓሉ ግርማ፦ ድፍረት ያበሰለው ብዕር

የላሊበላ ጠራቢ አንዴ የፈለፈለውን ድንጋይ መልሶ ሊገጥመው አይችልም። ደራሲ ግን ሥራውን ማደስ ይችላል። በ1962 ዓ.ም. በ«ከአድማስ ባሻገር» የጀመረው በዓሉ ግርማ «የህሊና ደወል»ን እንደገና ሠርቶ በ1975 «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። ስም ላወጣ ደራሲ የራሱን ሥራ «ገና ነው» ማለት ቀላል አይደለም።

በዚያው ዓመት «ኦሮማይ» ታተመ። አስመራ ተገኝቶ ያየውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ ጻፈው። መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ደራሲ ሲያረጅ ብዕሩ ይደክማል ይባላል። በዓሉ ለማርጀት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የመጨረሻ መጽሐፉ ግን ዛሬም ያነጋግራል። ወዳጆች፣ ብዕሩን ያሳደገው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ድፍረት ነው። ድፍረቱን የነጠቅነውን ደራሲ «ለምን ደከመ?» ብለን ልንወቅሰው አንችልም።