ጎንደር እና «ጎንዶር»

ባለፈው ዓመት በክፍላችን ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን፣ ቶልኪን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ «የቀለበቶች ጌታ» በሚለው ልብ ወለድ ውስጥ «ጎንዶር» ብሎ የጠራውን መንግሥት የሰየመው በእኛይቱ ጎንደር ነው ሲል ተናገረ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ ግን ለዚህ መጽሔት ልጽፈው ብዬ ነገሩን ስመረምር ደስታዬ ጥቂት ቀዘቀዘ።

ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ሊቅ ነው። ሰዋስው ያላቸው ቋንቋዎች ራሱ ፈጥሮ፣ በታሪኩ ውስጥ ለሚገኙ ብዙ ሰዎችና አገሮች ስም ያወጣው ከእነዚያ ነው። ሲንዳሪን ባለው ቋንቋው «ጎንድ» ድንጋይ፣ «ዶር» አገር ማለት ስለ ሆነ ጎንዶር «የድንጋይ አገር» ይሆናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ከታተመ በኋላ፣ በ1971 አንድ ሰው ስለ ጎንደር በደብዳቤ ቢጠይቀው፣ ከዚያ በፊት የከተማይቱን ስም መስማቱን እንደማያስታውስ መለሰለት። ድንጋይ የሚለውን ቃል ያገኘው በልጅነቱ ካነበበው መጽሐፍ መሆኑንም ገለጸ።

እርግጥ አላስታውስም ማለት አልሰማሁም ማለት አይደለም፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የጎንደር ስም በአውሮጳ ጋዜጦች ይነሣ ነበር። ደግሞስ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ለቆረቆሩት የግንብ ከተማ «የድንጋይ አገር» የሚለው ትርጉም እንዴት ይስማማል! ሆኖም የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስም ከአገር ወደ አገር መሄዱ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። የከተማችን የደብረ ሲና ስም እንኳ ሙሴ ሕግ ከተቀበለበት ተራራ የመጣ ነው። ከእኛም ወደ እንግሊዝ በእርግጥ የሄደ ስም አለ። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ ኢየሱሳዊው ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል። በዚያ መጽሐፍ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይጠቀሳሉ። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ልብ ወለድ ሲጽፍ ማዕርጋቸውንና የስማቸውን እኩሌታ አጋጥሞ፣ በአማራ ምድር በተዘጋ ሸለቆ የሚኖረውን ልዑል «ራስሴላስ» አለው። የልዑሉ መካሪ ባለቅኔው «ኢምላክ» የጎጃም ሰው ነው፤ ሊቃውንት ስሙን ከይኩኖ አምላክ ጋር ያያይዙታል። ለእኛ ጸሎት የሆነው ስም ለጆንሰን አንባቢ ያማረ ድምፅ ብቻ ነበር። በኋላም መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉመውት ስሙ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦታል። ስለ ራስሴላስ ተስማምቷል፤ ስለ ጎንዶር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም።