አውራው በግ የማን ነው? የመንዝ በግ እርባታ ታሪክ በጓሳ ግርጌ

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። እናቲቱ ሙሉ ዕድሜዋ ላይ ደርሳ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብትመዝን ነው። ላቷ አጭር፣ ጫፉም ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ጠጉሯ ሻካራ ነው፤ አውራው ቀንዳም ነው። በሚዛን ብቻ ለሚያያት ሰው የሌላ ዝርያ ደም እስኪቀላቀልባት የምትጠብቅ፣ ገና ያልተሠራች እንስሳ ትመስላለች። ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት በሰሜን ሸዋ ደጋ የተካሄደው የበግ ማሻሻል ሥራ አብዛኛው ከዚህ አስተያየት የተነሣ ነበር። እኔ ግን የመንዝ በግ ቀድሞ የተሠራ ዝርያ ነው እላለሁ። የሠሩት ብርዱ፣ የመኖው እጥረትና የባላገሩ ዓይን ናቸው። የማሻሻሉ ሥራ ሥር መያዝ የጀመረውም ይህን ሲቀበልና አውራውን የመምረጡን ሥልጣን ለባለ በጎቹ ሲመልስ ነው።

ቦታው በጉን እንዴት እንደሠራው ለማየት ከጓሳ መነሣት ይበጃል። ጓሳ በመንዝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውርጭ ምድር ነው። በግርጌው ያለው ገበሬ ዋና እህሉ ገብስ ነው፤ ገብሱን ደግሞ አንድ ዓመት ውርጭ፣ ሌላ ዓመት በረዶ ይመታዋል፤ የበልጉም ዝናብ ይከዳል። በዚህ አገር በግ የገበሬው ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ እህል ሲጎድል በግ ተሽጦ እህል ይገዛል። ስለዚህ ገበሬው ከበጉ አስቀድሞ የሚፈልገው ክፉውን ዓመት አልፎ መገኘቱን ነው። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በደብረ ብርሃን የመንዝን በግና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣውን፣ በአካል የሚበልጠውን የሆሮ በግ ጎን ለጎን አርብቶ ነበር። በዚያ ብርድ ይበልጥ የሞቱት የሆሮ ጠቦቶች ነበሩ። ትንሽነት በመንዝ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ጥቂት በልቶ ለመቆየት የተከፈለ ዋጋ ነው። ጠጉሩም ቢሆን ሻካራነቱ ከንቱ አላደረገውም። ሴቶች በእንዝርት ፈትለውት፣ ሸማኔ ሠርቶት ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሆኗል፤ ያለ እነርሱ የመንዝ ሌሊት አይታለፍም።

የሰው እጅ ግን በግጦሹ ሥርዓትም ላይ ነበረ። በአካባቢው ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ጓሳን ለዘሮቻቸው አካፈሉ፤ ከዚያም ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ቆመ። ተወላጆቹ በየወገናቸው በሚመርጧቸው አለቆች አማካይነት ጓሳውን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። የጓሳው ሳር ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ፣ ከብትና በግ ይሰማራበት፣ ክረምቱ ሲቃረብም እንደገና ይዘጋ ነበር። ደንቡን የሚጥስ በጽኑ ይቀጣ ነበር። ዶክተር ዘላለም ተፈራ ይህን ሥርዓት አጥንተው ለዓለም ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች ዋናው ናቸው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያነሣ ቀሮም ፈረሰ፤ የመንዝ ሕዝብ ግን ኋላ ጥበቃውን በአዲስ የማኅበረሰብ አደረጃጀት መልሶ አቆመው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። በአንድ የጋራ ሀብት ላይ ዛሬ እጅን ሰብስቦ ነገ አብሮ መጠቀም በመንዝ የቆየ ልማድ መሆኑ ለበጉ እርባታ ቁም ነገር ስለሚሆን ነው።

የመንግሥት የማሻሻል ሥራ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በደብረ ብርሃን፣ ቀጥሎም በመንዝ ውስጥ በአመድ ጓያ የበግ ማርቢያና ማባዣ ማዕከላት ተቋቋሙ። መጀመሪያ የታሰበው ሥጋና ጠጉር ነበር፤ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗም ይታወሳል። ከኬንያ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ በጎች መጡ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከእስራኤል አዋሲ የተባለው ላታም በግ ገባና ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ። ከአራት እጅ ሦስቱ የአዋሲ ደም ያላቸው አውራዎች በማዕከል አድገው ለገበሬ ይከፋፈሉ ጀመር። ድቅሎቹ በቁመትም በክብደትም ይበልጡ ነበር። ሆኖም አርቢው የሚፈልገውን የላት ቅርጽ፣ ቀንድና መልክ ይዘው አልመጡም፤ መንደር ውስጥ የሚጠብቃቸውም የማዕከሉ መኖ ሳይሆን የተጋጠ መስክ ነበር። በመጨረሻም ማኤዲ ቪስና የተባለ፣ ቀስ ብሎ ሳንባን የሚያጠቃና መድኃኒት የሌለው የበግ በሽታ በማዕከላቱ ተገኝቶ የአውራ ሥርጭቱን አሰናከለ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። በሽታው የማዳቀል ሐሳብ ጥፋት አይደለም፤ መኖ ባለበት እንደ ሞላሌ ባለ አካባቢም ድቅሎቹ በገበያ የተሻለ ዋጋ አውጥተዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ማዳቀል በራሱ ስሕተት እንዳልሆነም የሩቅ አገር ምሳሌ ያሳያል። ብሉቤሪ የተባለው የሰሜን አሜሪካ የፍሬ ቁጥቋጦ ክረምት ላይ ለብዙ መቶ ሰዓታት ብርድ ካልጠገበ በወጉ አያብብም፤ ስለዚህ በሞቃት አገር አይሆንም ይባል ነበር። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ሻርፕ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ተክል በፍሎሪዳ አሸዋ ላይ ከሚበቅለው የዱር ዘመዱ ጋር አዳቀለ፤ ዛሬ በሞቃት አገሮች የሚለማው ብሉቤሪ ብዙው ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሻርፕ ለሙቀቱ መልስ የፈለገው ሙቀቱን ከለመደው የአገሩ ቁጥቋጦ ነው፤ ችግኞቹንም ሊኖሩበት በታሰበው ምድር ላይ እያሳደገ፣ ያልቻሉትን እየጣለ፣ የቻሉትን እያስቀረ መረጠ። በመንዝ የአገሩ በግ መሻሻል የሚያስፈልገው ወገን ተደርጎ ታየ፤ ምርጫውም በማዕከል አጥር ውስጥ፣ በማዕከል መኖ ተካሄደ። ከደም መጠን ይልቅ የመምረጫው ቦታና የመራጩ ማንነት ይወስናል የምለው ለዚህ ነው። በሽታውም ቢሆን የዚሁ መንገድ አደጋ ነው፤ ሺህ መንደር ከአንድ ማዕከል አውራ ሲጠብቅ የማዕከሉ ሕመም የሁሉም ሕመም ይሆናል።

በመንደሩ ውስጥ ግን ሌላ ችግር ነበረ፤ ይህን መሸፋፈን ለባላገሩ መወገን አይሆንም። ፈጥኖ ያደገው ወንድ ጠቦት ለበዓል ገበያ ይደርሳል፤ ወይም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። እናቶቹን የሚያጠቃው ገዥ ያጣው ቀጫጫ ነው። ገበሬው የሚያውቀውን ጥሩ አውራ በቸገረው ቀን ይሸጠዋል፤ መንጋውም ሳይታወቅ በየትውልዱ ወደ ኋላ ይመረጣል። ጉድለቱ የእውቀት አልነበረም፤ በጋራ መስክ ላይ ጎረቤቱ ሳያቆይ አንድ ሰው ብቻውን አውራውን ቢያቆይ ኪሳራው የእርሱ፣ ጥቅሙ የሁሉም ስለሚሆን ነው። በ2001 ዓ.ም. ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ የቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲና የአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የጀመሩት ማኅበረሰብ ተኮር እርባታ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የታለመ ነው። ጠቦቶቹ በገበሬው ደጅ ይመዘናሉ፤ የስድስት ወር ክብደታቸው ይመዘገባል፤ ከዚያ ከመንደሩ የተመረጡ ሰዎች ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀንዱንና መልኩን አይተው አውራውን ይለያሉ። የተመረጠው አውራ ሳይሸጥ ይቆያል፤ የቡድኑም በጎች በጋራ ይጠቀሙበታል።

ውጤቱ ትንሽ ነው ብሎ የሚከራከር ማስረጃ አያጣም። በመንዝ የስድስት ወር ክብደት ጭማሪው በዓመት 0.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከቦንጋም ከሆሮም ያንሳል። አንድ የአዋሲ ድቅል በአንድ ትውልድ ከዚህ የሚልቅ ክብደት ያመጣል። ነገር ግን ብርድና ድርቅ ባለበት ምድር ይህ አዝጋሚነት የሚጠበቅ ነው። ይህ ጭማሪ የተገኘው በገበሬው መኖ፣ በገበሬው ደጅ፣ ከውጭ አንድ በግ ሳይገባ ነው፤ ዝርያው የቆመበትን ብርድ የመቻል ጠባይ አልሸጠበትም። ገንዘብ ወይም ማዕከል ሲቋረጥም አብሮ አይጠፋም፤ የተመረጠው አውራ ልጆች እዚያው መንጋ ውስጥ ናቸው።

ቀሮን ከዚህ ጋር ማያያዝ ያለፈውን ማሳመር ነው የሚልም ይኖራል። ቀሮ የባለ ርስቶች ሥርዓት ነበር፤ ከዘሩ ያልሆነው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ይህን በደል መካድ አይቻልም፤ የርስቱ አጥር መልሶ እንዲቆምም የሚመኝ ያለ አይመስለኝም። ከቀሮ ሊወረስ የሚገባው መዝጋትን የሚያውቀው ልማዱ ነው። ያልደረሰ ሳር እንደማይታጨድ ሁሉ ዘር ያልሰጠ አውራም አይሸጥም ብሎ መስማማት መንዝ ከሚያውቀው ሕግ የሚወለድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቃል ኪዳኑ በግ ላለው ሁሉ፣ ርስት ላልነበረውም ለእማወራም ክፍት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ለመንዝ በግ ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከየት አገር አውራ እንደሚያመጣ ሳይሆን፣ በየመንደሩ ያለው ምርጥ አውራ እስኪያራባ ድረስ ባለቤቱ እንዳይከስር ምን እንደሚደረግለት ነው።