መካነ ኢየሱስ ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራኖች ጋር ለምን ተለያየች?

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ከሁለት የረጅም ጊዜ አጋሮቿ ጋር የነበራትን ግንኙነት ማቋረጧ ይታወሳል። አንዷ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላዋ በአሜሪካ የምትገኘው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት። ምክንያቱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ነው። ክርክሩ ግን "ይፈቀድ፣ አይፈቀድ" ብቻ አይደለም። እስቲ በአጭሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

➡️ ምን ተወሰነ?

ኦገስት 2009 የአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን ሚኒያፖሊስ ላይ ባደረገችው ጉባኤ፣ በዘላቂና በታማኝ የተመሳሳይ ጾታ ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት እንዲሾሙ 559 ለ451 በሆነ ድምፅ ፈቀደች። ከዚያ በፊት የሚሾሙት ከግንኙነት ታቅበው የሚኖሩ ከሆነ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጥንዶቹን በቤተ ክርስቲያን ለማጋባት ወሰነች። ከ249 ድምፅ ሰጪዎች 176ቱ ደገፉት።

➡️ ጋብቻ ምንድን ነው?

ተቃዋሚዎቹ ዘፍጥረት 1 እና 2ን፣ ማቴዎስ 19ን፣ ሮሜ 1ን ይጠቅሳሉ። ጋብቻ ከፍጥረት ጀምሮ የወንድና የሴት ነው ይላሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ጳውሎስ የተቃወመው በዘመኑ የነበረውን ብዝበዛና ልቅነት እንጂ የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳንን አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

➡️ ማግባት የማይችልስ?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ደጋፊዎቹ 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ይዘው "ሳያገቡ መኖር ለአንዳንዶች የሚሰጥ ስጦታ ነው፣ በግድ አይጫንም" ይላሉ። መነኩሴ የነበረው ሉተር ራሱ የግዴታ ድንግልናን ተቃውሞ በ1525 ማግባቱንም ያነሳሉ። ተቃዋሚዎቹ መልስ አላቸው፦ ሉተር የተናገረው ስለ ወንድና ሴት ጋብቻ ነው፤ ደግሞም ስሜቱ መኖሩና ድርጊቱ አንድ አይደሉም፤ መታቀብ ከማንኛውም ያላገባ ክርስቲያን የሚጠበቅ ነው።

➡️ ምን ዋጋ አስከፈለ?

የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። መካነ ኢየሱስ በራሷ የቆመችው በ1959 ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የመካነ ኢየሱስ ተወካዮች ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቄሶች ጋር የጌታን እራት አብረው እንዳይካፈሉ ተወሰነ። በአሜሪካም ውሳኔውን ያልተቀበሉ ወገኖች በ2010 የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ።

ሦስቱም ግን እስካሁን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አይስማሙም ማለት ነው።

ለሁለቱም ወገን የሚቀር የቤት ሥራ አለ። የፈቀደው ወገን ከመጽሐፉ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ማስረዳት አለበት። "ታቀቡ" የሚለው ወገን ደግሞ ምንኩስና እምብዛም በሌለበትና ሁሉም እንዲያገባ በሚጠበቅበት ቤተ ክርስቲያን፣ ብቻውን ለሚኖረው ሰው ቤተሰቡ ማን እንደሚሆን መመለስ ይጠበቅበታል።