የአገው ፈረስ፤ የድል ማኅደር

የአዊ ምድር ውበቱን ለተመልካች አይነፍግም። ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ፣ የዘንገና ሐይቅ ደን ተከናንቦ ይታያል። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማንም ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ አጥንቶ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል።

የአገሬው ሰው ደግሞ ታሪኩን በፈረስ ኮቴ ጽፎታል። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከአርበኛው ጋር የዘመተውን ፈረስ ለመዘከር፣ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። አንባቢ ሆይ፣ ዘመኑን ልብ በል! ፋሺስት ኢጣሊያ ድል የሆነው በ1933 ዓ.ም. ነውና፣ ይህ የዓድዋ መታሰቢያ የቆመው ወራሪው ገና ከምድሪቱ ሳይነቀል ነበር።

ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በዕለተ ጊዮርጊስ፣ በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በሸለመው ፈረስ ላይ ሽማግሌውና ጎረምሳው ጎን ለጎን ይጋልባሉ። በበዓል ያጌጠው ይኸው ፈረስ በአዘቦት ቀን ያርሳል፤ ጭነትም ይሸከማል።

እንግዲህ ሐይቁ ያለ ጎብኚም ሐይቅ ነው፤ ጉግሡ ግን ጋላቢ ያጣ ዕለት ይቋረጣል። ስለዚህ እንግዳ ከመጥራታችን አስቀድሞ፣ የጋላቢው ልጅ ልጓም መያዙን እናረጋግጥ።